ሁለቱም ላይ ራይት አድርጉ ያልኩት እኔ ነኝ

ወገን፣ ቁጭ በሉ። ቁጭ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ የሆነ ነገር ያዙ።

ዛሬ ብቻዬን፣ ያለማንም እርዳታ፣ አንድ ምርጫ አበላሸሁ!

የካናዳን ምርጫ አይደለም፣ አትደንግጡ። የእድራችንን ነው። እሱ ግን ይብሳል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብትሞቱ መጥቶ አይቀብራችሁም።

የምጽፍላችሁ ምክንያት አለኝ። ግማሹ ከሀፍረት ነው። ግማሹን መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

እትዬ አስካለን የማያውቅ የቶሮንቶ ሀበሻ ያለ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት ቀብር አስፈጻሚው ፊውነራል ሆም የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ለለቅሶ የአፓርትመንቱን ፓርቲ ሩም ቡክ የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው። (አዎ፣ እዚህ አገር የሚለቀሰው ፓርቲ ሩም ውስጥ ነው፣ ምን ይደረግ!) ዘንድሮ ለእድሩ ሊቀመንበርነት ተወዳደሩ።

ሌላም ነገር ናቸው። የሃና እናት ናቸው።

ሃና ማን ናት? ሃናማ... ሃና ናት! እስከዛሬ ስለሷ አንድም ነገር ፖስት ያላደረግኩት እናቷ ፎሎው ስለሚያደርጉኝ ነው። ከዛሬ በኋላ ግን የምደብቀው ምን ቀረኝ?

ፕላኔ ይሄ ነበር። ለእትዬ አስካለ ምርጫ እለፋለሁ፣ እትዬ አስካለ ያሸንፋሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ በደስታቸው መሃል የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ልጃቸውን ይሰጡኛል። ስማርት አይደለሁም?

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እድራችን ሁለት ጎራ አለው፤ በከተማዋ ምሥራቅ የስካርቦሮ ቡድን፣ በምዕራብ የጄን ኤንድ ፊንች ቡድን። የሚጣሉት ስብሰባው የት ይሁን በሚል ነው። ሁለቱም "ባሱ ሩቅ ነው" ይላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ ግን ተአምር ተፈጠረና ሁለቱም እትዬ አስካለን እጩ አደረጉ።

ከዚያ "በእኛ ስር ይጻፉ"፣ "የለም፣ በእኛ ስር" ተባለ። አስመራጮቹ ሲጨንቃቸው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ ጻፏቸው። አንዴ በስካርቦሮ ስር፣ አንዴ በጄን ኤንድ ፊንች ስር። የሁለቱም ቦታ ድምፅ ይደመርላቸዋል።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ጋሽ አያሌው በግል አሉ። እሳቸውም "ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም" እንዳይባል ተለምነው ነው የገቡት።

እትዬ አስካለን ማንም ሊያሸንፋቸው አይችልም ነበር!

ከእኔ በቀር።

ዛሬ ጠዋት የጓደኛዬን ቫን ተዋስኩና ትልልቅ ሰዎቹን ለመልቀም ወጣሁ። ከጄን ኤንድ ፊንች ጫንኩ፣ በቶርንክሊፍ ፓርክ በኩል ዞርኩ፣ ወደ ስካርቦሮ አዳራሽ ጉዞ ሆነ። ቅዳሜ ከምልካቸው ሽማግሌዎቼ አንዳንዶቹም ውስጡ ናቸው። ዋናው ሽማግሌዬ ጋሽ ሞገስ ጋቢና ተቀምጠዋል።

ፎር ኦ ዋን የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ያዘን። እማማ ዘነበች ከኋላ ሆነው ጭንቀታቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ እኔ የጄን ኤንድ ፊንች ነኝ። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ግን በዚያ በረዶ ድስት ተሸክመው የመጡት የስካርቦሮ ሰዎች ናቸው። በአንዱ በኩል ብቻ ብመርጣት ሌላው አይቀየመኝም?"

ቫኑ በሙሉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። ይሉኝታ ፎር ኦ ዋን ላይ!

ድምፅ አሰጣጡ ሚስጥር ነው ብላቸው ማን ይስማኝ? "በእኛ እድር ሚስጥር?" ብለው ሳቁብኝ።

እኔ ደግሞ የማላውቀው ነገር የለም! ትናንት አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውን የድምፅ መስጫ ናሙና በስልኬ ፎቶ አንስቼው ስለነበር ስልኩን ለጋሽ ሞገስ ሰጠኋቸው።

"ምን ችግር አለ?" አልኩ። "ሁለቱም ላይ ራይት ያድርጉ! አንዱ ለስካርቦሮ፣ አንዱ ለጄን ኤንድ ፊንች። ሴትየዋ ያው አንድ ናቸው፣ ማንም አይቀየም።"

ቫኑ ውስጥ እልል ተባለ። እልል! ጋሽ ሞገስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አንተ ልጅ ለትልቅ ነገር ነው የተፈጠርከው" አሉኝ።

አመንኳቸው።

ተመልሼ ሌሎች ጫንኩ፣ ለእነሱም ይሄንኑ ሰበክኩ። በር ላይ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ ሰበክኩ። እኔም ሁለቱም ላይ ራይት አደረግኩ፣ ያውም ደማቅ አድርጌ።

ቆጠራ ተጀመረ። እኔ ፊት ወንበር ላይ፣ ከሃና አጠገብ። ቆጣሪው ፈገግታ የሚባል ነገር የማያውቁ ሰው ናቸው።

"አስካለ፣ በስካርቦሮ።"

"አያሌው።"

"የተበላሸ።"

"የተበላሸ።"

ወደ ሃና ጠጋ ብዬ "ወይ የእኛ ሰው! ራይት ማድረግ እንዴት ያቅታል?" አልኳት። አብረን ሳቅን።

"የተበላሸ። የተበላሸ። አያሌው። የተበላሸ።"

ሳቄ እየቀነሰ መጣ።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉ። "ምን ሆኖ ነው ይሄ ሁሉ የሚበላሸው?"

ቆጣሪው አንዱን ወረቀት ለሁሉም እንዲታይ ከፍ አደረጉት። ሁለት ራይት። ደማቅ።

የኔ ነበር!!!

"ከታች በግልጽ ተጽፏል" አሉ ሰውየው። "በአንድ ቦታ ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ ሁለት ቦታ ምልክት ያለበት አይቆጠርም።"

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አየሁት። ያ ጽሑፍ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ምን አለ መሰላችሁ?

አውራ ጣቴ።

ራስህ ስትመርጥስ ለምን አላነበብክም እንዳትሉኝ። አስተማሪ ደግሞ መመሪያ ያነባል እንዴ?

ጋሽ አያሌው አሸነፉ። ትንሽ ነው የበለጧቸው፣ ግን አሸነፉ። በመሸነፋቸው እርግጠኛ ስለነበሩ ጃኬታቸውን ለብሰው ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። "ኧረ እኔ ናይት ሺፍት ሠራተኛ ነኝ!" እያሉ ለመኑ። ማን ሰምቷቸው!

 የእትዬ አስካለ ዓይን ቀላ።

ያኔ ነው እውነተኛው ሀፍረት የያዘኝ። እኚህ ሴት የስንቱን እንባ ሲጠርጉ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን ለእሳቸውም ቢጨበጨብላቸው ምን ነበረበት? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

"ማነው ሰዉን እንዲህ ያሳሳተው?" አሉ በመጨረሻ።

እማማ ዘነበች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በጣታቸው ጠቆሙኝ። "ይሄ ልጅ ነው! እንዳንቀያየም ብሎ ነው!"

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሃና "ኦ ማይ ጋድ" ብላ ፊቷን በስካርፏ ሸፈነች።

ጋሽ ሞገስ ሊያድኑኝ ተነሱ። ምነው ባልተነሱ!

"አስካለ፣ ተይው፣ ልጁ ቅን ነው። እንዲያውም ቅዳሜ እኛን ሽማግሌ ልኮ ልጅሽን ሊጠይቅ..."

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን ዋጋ አለው!

 ማይኩ አፏጨ።

እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሃናን አዩ። ሃና ስካርፏን ከአንድ ዓይኗ ላይ ገለጥ አድርጋ (እምላለሁ፣ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት) በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች!

"ቅዳሜ ይምጡ" አሏቸው ጋሽ ሞገስን። "ግን ለልጁ ይንገሩልኝ። እኔ ቤት ራይት የሚደረገው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ካደረገ አይቆጠርለትም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ አያሌው ሳይቀሩ ሳቁ!

ይሄን የምጽፍላችሁ አዳራሹ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ሽማግሌዎቼ ከኋላ እየተጨቃጨቁ ነው። የስካርቦሮው "ቅዳሜ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ" ይላሉ፣ የጄን ኤንድ ፊንቹ "የለም፣ እኔ" ይላሉ። እኔ ምክር መስጠት አቁሜያለሁ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የእትዬ አስካለ መልስ እሺታ ነው ወይስ ማስጠንቀቂያ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ግን እባካችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ! ሁለቱንም ያለ፣ የተበላሸ ነው።