ወንድይፍራው መደርደሪያ ላይ የዋለበት ቀን

ትናንት ከምሳ በኋላ ወንድይፍራው ጫኔ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሸለብ አደረገውና ሕልም አየ። ሕልሙን የነገረን ራሱ ነው፤ እኔ የጨመርኩበት ቢኖር ለጣዕም ያህል ነው።

ወንድይፍራው የማዘጋጃ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ከንቲባ ሲለወጥ እሱን የነካው የለም። ዘንድሮ ግን ራኬብ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ መጣችና የመዝገብ ቤቱን ወረቀት ሁሉ ወደ አንድ ፕሮግራም ታስገባ ጀመር። ፕሮግራሙ ወረቀቱን እንደ ምስር ይለቅማል አለችው፤ የማይረባውን ቃል አውጥቶ ይጥላል፣ የሚጠቅመውን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው አንድ ቃል ጽፎ የፈለገውን ወረቀት ከመቅጽበት ያገኛል። ወንድይፍራው "ታዲያ እኔን ማን ይፈልገኛል?" ሊላት አሰበና ክብሩን ጠብቆ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እንቅልፍ የወሰደው ይህንኑ ሲያብሰለስል ነው።

በሕልሙም ያው መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር። ወንበሩ ላይ ግን የተቀመጡት ፋይሎች ናቸው፤ ሰዎቹ በሲባጎ ታስረው መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ከወንድይፍራው አጠገብ የመሬት ክፍል ኃላፊው በጀርባቸው ተኝተው አቧራው ያስላቸዋል። ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንዳሉ ቢጠይቃቸው፣ ከገቡ ወዲህ የጠየቃቸው ስለሌለ ቀኑ እንደጠፋባቸው ነገሩት።

ወዲያው አንድ ወፍራም ቦክስ ፋይል መጣና ወንድይፍራውን አውርዶ ሰፌድ ላይ ዘረጋው። ሰባ ስምንት ኪሎ ሰው አንድ ሰፌድ እንዴት እንደበቃው አትጠይቁኝ፤ እሱም አልጠየቀም። አንዴ ሲያነፍሰው "እንደምን አደሩ" የሚለው ወደቀ። ደግሞ ሲያነፍሰው "እግዚአብሔር ይመስገን" ወደቀ። በሦስተኛው "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ሙሉውን ዱብ ሲል ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ወንድይፍራው እየቀለለው ሲሄድ ደስ አለው፤ የወገብ ሕመሙ እንኳ ተወት አደረገው።

"ነገ" የሚለው ቃል ግን አልወድቅ አለ። ቦክስ ፋይሉ በጉጠት ይዞ ከጉሮሮው ጎተተው።

"እሱን እንኳ ተወኝ" አለ ወንድይፍራው። "የምተዳደርበት ነው።"

"ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ተበትኗል። በሁሉም ቦታ ያለ ቃል ለፍለጋ አይጠቅምም" አለና ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ከዚያ ሁሉ ለቀማ የተረፈው ስሙ ብቻ ነበር። ስሙን ካርድ ላይ ጽፈው ግንባሩ ላይ ለጠፉለትና ወደ ቦታው መለሱት። ደንቡን የነገሩት ኃላፊው ናቸው፤ የወጣው እሳቸው ከገቡ በኋላ ነው፦ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈላጊ ያልመጣለት አዲስ ገቢ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ እዚያ አይጦች ፈርመው ይረከቡታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ አይጦቹ ማኅተማቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጨዋዎች ናቸው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ አንድ እግር አላስገቡም። ወንድይፍራው ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲፈልገው ኖሮ ዛሬ አንድ ሰው ይጣ?

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንዲት ጠርዟ የተበላ ቀጭን ፋይል እያለከለከች መስኮቱ ጋ ደረሰች። ወንድይፍራው አወቃት፤ የወይዘሮ የሺመቤት የቤት ካርታ ማመልከቻ ነበረች፤ ሰባት ዓመት እሱ ዘንድ ተቀምጣለች። እናቱ የመጣች ያህል ደስ አለው።

"ሰው ፈልጌ ነበር" አለች።

ቦክስ ፋይሉ የሰውየውን ስም ጠየቃት።

"ስሙን እንኳ አላውቀውም። 'ነገ' የሚለው ሰውዬ በሉልኝ።"

ቦክስ ፋይሉ ጽፎ ጥቂት ጠበቀና፣ "ነገ የሚባል ቃል እኛ ዘንድ የለም" አላት።

ወንድይፍራው "ወንድይፍራው በይው!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከመደርደሪያው አላልፍ አለ። እግሩን ቢያወራጭ ሲባጎው ጠበቀበት።

"እንግዲያው ነገ ልመለሳ" አለች ማመልከቻዋ።

"የለም አልኩሽ እኮ" አለ ቦክስ ፋይሉ፤ መስኮቱንም ዘጋው።

አይጦቹ ገቡ። ትልቋ አይጥ የእግሩን አውራ ጣት አሽታ ፈረመች፤ ከዚያ ትከሻውን ይዛ ትነቀንቀው ጀመር። "ጋሼ፣ ኧረ ጋሼ፣ ይነሱ" አለችው።

ራኬብ ነበረች። ፕሮግራሙ በምሳ ሰዓት ሥራውን ጨርሶ የመዝገብ ቤቱ ወረቀት በሙሉ እንደገባ ልትነግረው ነው የመጣችው። ወንድይፍራው ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ስሙን ጽፋ እንድትፈልግለት ለመናት።

"እሱንማ ሞክረነዋል" አለችው። "ስምዎ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ወረቀት ላይ ይገኛል። ከከተማው ሰው በብዛት አንደኛ ነዎት።"

የወንድይፍራው ዓይን እንባ አቀረረ። ለካ ሰው ውለታ አይረሳም ብሎ አምላኩን አመሰገነ፤ ስሙን የማያውቅ እንደሌለም ገባው። እስቲ ምን ምን ብለው እንደጻፉለት አንዱን እንድታነብለት ጠየቃት።

ራኬብ ጫማ ጫማዋን እያየች፣ "አቤቱታ ናቸው ጋሼ" አለች። "ለከንቲባው ተጽፈው እርስዎ ጋ የቀሩ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ከንቲባው ከምሳ ጀምሮ እያነበቡ ነው፤ አሁን አርባኛው ላይ ደርሰዋል።"