ለኳስ የተሳለ ጃንጥላ

ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ ቁማርተኛ ነው! አይቆጡ… እኔም አለሁበት። አገር ቤት ውርርዱ ፈቃድ ወጥቶለት፣ ጎረምሳው ትኬቱን ይዞ በየመንገዱ ጥፍሩን ይበላል አሉ። እዚህ ካርቱም ነገሩ ሐራም ነው፤ ስለዚህ እኛ የምናስይዘው ሌላ ነው።

ቡድኖቻችንን ያውቋቸዋል፤ የዚሁ አገር ሁለት ባላንጣዎች፣ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ። ከጦርነቱ ወዲህ የሚጫወቱት በሰው አገር ሜዳ ነው። በስደት ላይ ሆኜ ስንት ዘመን ደገፍኳቸው፣ አሁን እነሱም ተሰደው አረፉት! እኔ የቀዮቹ ነኝ። ቀዮቹ ደግሞ መሸነፍ ከጀመሩ ቆይተዋል… ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ደምሴ የሰማያዊዎቹ ነው፤ ባሸነፉ ቁጥር የስፌት መኪናውን ደጅ አውጥቶ፣ እስካልፍ ጠብቆ ያፏጫል። እርስዎ ቢሆኑ ይችሉታል?

ስለዚህ ሁለቱ ሊገናኙ ሲሉ፣ ከጨዋታው በፊት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለገብርኤል ተሳልኩ። "ቀዮቹ ብቻ ያሸንፉልኝ፣ ለንግሥህ አዲስ ጃንጥላ አስገባለሁ!" አሮጌው ተቀዶ፣ ቄሳችን አባ ወልደ ሰንበት "ታቦቱን ምን ይዘን እናወጣለን?" እያሉ ሲጨነቁ ሰምቼ ነበር። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። "ያሳካልህ ልጄ" አሉኝ። ፈገግም ያሉ መሰለኝ…

ጨዋታውን ያየነው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ የወሎዋ ዘሃራ ሻይ ቤት ነው። ደምሴ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ዛሬ አትልፋ፣ ተስያለሁ" አልኩት።

"ለማን?"

"ለገብርኤል። ጃንጥላ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አንተ ሰውዬ! እኔም ለገብርኤል ጃንጥላ ነው የተሳልኩት!"

"ለሰማያዊዎቹ?!"

"ታዲያ ለአንተ ቡድን ልሳል?"

ዘሃራ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ጋሼ፣ ቁማር አልጫወትም የሚሉኝ እርስዎ አይደሉ? ወላሂ፣ ማንም ቢያሸንፍ ቄሳችሁ አይከስሩም!"

ከዚያ በኋላ ኳሱን ማን አየ! እኔ ወደ ጣሪያው፣ ደምሴ ወደ ጣሪያው… መልአኩን ግራ አጋባነው። ቀዮቹ አገቡ፤ ዘልዬ ወገቤን ያዘኝ። ሊያልቅ ሲል ሰማያዊዎቹ አገቡ፤ ደምሴ የሰው ሻይ ደፋ። ፊሽካ! አንድ ለአንድ።

የማናችንም ስለት አልሰመረ፣ ጃንጥላም የለ። ንግሡ ደግሞ ደርሷል…

በማግስቱ አባ ሁለታችንንም አስጠሩን።

"ስንት ለስንት?"

"አንድ ለአንድ፣ አባ።"

"ለአቻ የተሳለ አንድ ሰው ይጥፋ?" ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያንተዎቹ አግብተዋል?"

"አንድ።"

"ያንተዎቹስ?"

"አንድ" አለ ደምሴ።

"እንግዲያው ገብርኤል ሁለታችሁንም በግማሽ ሰምቷችኋል። ግማሽ ግማሽ ጃንጥላ አምጡ። ያላ!"

ማን ይከራከራል? ከፋይ ጨርቅ ገዛን፣ ደምሴ ሰፋው፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። በንግሡ ዕለት ታቦቱ በግቢው ሲዞር እልልታው ቀለጠ፤ አባ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። የካርቱም ፀሐይ ግን ንግሥም አታውቅ፤ መላጣዬን ስትጠብሰኝ ጊዜ ቀስ ብዬ ወደ ጃንጥላው ጥላ ተጠጋሁ። እፎይ ብዬ ቀና ብል… ሰማያዊው በኩል ነው! ደምሴም ከማዶ አይቶኛል።

ከጥላው ወጥቼ ፀሐይዋ ላይ ሄድኩ።