የኦቦ ለሜሳ ሹካና የዶክተሩ እጅ

ዘመናዊነት ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ ይዞት ከሚገባው ይልቅ አንሥቶት የሚሄደው እንደሚበልጥ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባንክ ቤቱ ዘመናዊ ሲሆን መጀመሪያ የጠፋው ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ነው። ትምህርት ቤታችን ዘመናዊ ሲሆን ጥላ ይሰጠን የነበረው ዛፍ ተቆረጠና በቦታው «አረንጓዴ አካባቢ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ፀጉር ቤቱ ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን ከሰቀለ ወዲህ ወሬው ቀርቷል፤ ባለሙያው ዓይኑን ከኳሱ ላይ ሳያነሣ ነው የሚላጨን። ጆሯችን እስካሁን በቦታው ያለው በእግዜር ቸርነት ነው።

ኦቦ ለሜሳ እዚህ አምቦ ያለውን የእናቱን ምግብ ቤት ዘመናዊ ሲያደርግ ያነሣው የእጅ መታጠቢያውን ነው። («ኦቦ» የምለው ገንዘብ ከያዘ ወዲህ ሁሉም ስለሚለው እንጂ እንግሊዝኛ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያስተማርኩት ስላችሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን ነበርን ማለቴ ነው።) መታጠቢያው በሩ አጠገብ ነበር፤ ሁለት ቧንቧ፣ በገመድ የታሰረች ሳሙና፣ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀ መስታወት። ከጌዶ ከብት ሸጦ የሚመለሰው ነጋዴም፣ ከእንጭኒ ለስብሰባ የተጠራው የወረዳ ሠራተኛም እዚያ ተሰልፎ ይታጠብ ነበር፤ የከተማውን ወሬ ግማሹን የምንሰማውም እጃችንን እያራገፍን ነው። ለሜሳ ይህን ሁሉ ነቅሎ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠበት። ከዚያም ሹካና ቢላ ገዛ።

ለምን ብትሉ፣ ቤቱ የህንድ ምግብ ቤት ሊሆን ነው። ፒዛውም በርገሩም ከተማውን ስለሞላው ማንም ያላሰበውን ላምጣ ብሎ ስልኩ ላይ ሲፈልግ ያገኘው ነገር ነው። በራፉ ላይ «በባህልና በእጅ ጥበብ ላይ የተመሠረተ ዘመናዊ የህንድ ምግብ» የሚል ጨርቅ ሰቀለ። የማን ባህል፣ የማን እጅ እንደሆነ ጨርቁ አይናገርም።

እጁ የአዴ ታደሉ ነበር። አዴ ታደሉ ያንን ቤት ከለሜሳ እናት ጋር ሆነው የከፈቱ፣ ለሜሳንም አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ወጣቸውን ያላመሰገነ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ጨው እንዲጨመርለት ቢጠይቅ አይሰሙም። «ከዚህ ማድ ቤት የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ለሜሳ ስልኩን ከፍቶ አንድ አረንጓዴ ነገር፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነጭ ቁራጭ ጣል ጣል ያለበት፣ ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ተመለከቱና «ይህን ነው ከባህር ማዶ ያመጣኸው?» ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ።

አይቡን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ውሃው ጠብ እስኪል አንጠለጠሉት፤ ከዚያ ድንጋይ ጭነውበት አሳደሩት። ጠዋት እንደ ሳሙና ተቆረጠ። ጎመኑን ቀቅለው ፈጩት። ለሜሳ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የቅመም ጣሳ ከፍተው አሸተቱት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ መልሰው ከደኑትና መደርደሪያው ላይ ሰቀሉት። በምትኩ የራሳቸውን ኮረሪማ፣ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጨመሩ፤ በላዩ ላይ በኮሰረት ያነጠሩትን ቅቤ ለቀቁበት። ሽታው ገና ከአስፋልቱ ማዶ ሰውን ያስቆም ነበር።

ለሜሳ ግን ልቡ አላረፈም። የአምቦ ሴት የሠራችውን የህንድ ምግብ ማን ያምናል? አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴል ሠርቻለሁ ከሚል ሼፍ ጋር በስልክ ተስማማና ለአዴ ታደሉ እንዲህ አላቸው፦ በምረቃው ቀን እውነተኛ ህንድ ይጋበዛል፤ ሳህኑን ከጨረሰ አንቺ ትቀጥያለሽ፣ ከተወው ማድ ቤቱን ሼፉ ይረከባል። አዝለው ያሳደጉት ልጅ ነው እንዲህ ያላቸው። ሼፉም በዕለቱ ማልዶ መጥቶ፣ ረጅሙን ነጭ ቆብ በፌስታል ይዞ፣ ማድ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጠ። አዴ ታደሉ በወጡና በገቡ ቁጥር ያን ፌስታል ያዩታል።

ህንዱን የማምጣቱ ሥራ ለኔ ተሰጠ። ዶክተር ሱሬሽ ጎረቤቴ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም፤ በዚህ የተነሣ የግቢያችን ሴቶች ዓመቱን ሙሉ የሚጾም መናኝ ነው ብለው ያከብሩታል፣ በስልኩ ጨዋታ እያየ ሲጮህ ብቻ ግራ ይገባቸዋል። ለሜሳ አጥብቆ የነገረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ምን እንደሚቀርብለት እንዳልነግረው። በራፉ ላይ ያለውን ጨርቅ እንደሆነ ዶክተሩ ማንበብ አይችልም። «ሳይነገረው ይለየው፣ ቲቸር፤ ያኔ ነው ፈተና የሚባለው» አለኝ። በኔ ፈተና ላይ እንዲህ ጥብቅ ሆኖ አያውቅም።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሹማምንቱ ከነከረባታቸው፣ ነጋዴዎቹ ከነሚስቶቻቸው። ምግቡ ቀረበ፤ አጠገቡ ናን የተባለው ክብ ቂጣ። በየሳህኑ ግራና ቀኝ ሹካና ቢላ ተኝቷል። ዶክተሩ ሳህኑን አየ፣ ሹካውን አየ፣ ዞር ብሎ በሩን አየና አስተናጋጇን ውሃ ለመናት። እንግዲህ አምቦ ላይ ውሃ ብላችሁ ስትጠይቁ ምን እንደሚመጣላችሁ ታውቃላችሁ። ጠርሙሱ ፊቱ ላይ ፍስስ ብሎ ተከፈተ፣ ብርጭቆው ሞላ። ዶክተሩ አረፋውን ተመለከተ፣ እጆቹን ተመለከተ፣ አመሰገነና እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሌላ አገር ብነግር ማንም አያምነኝም። እኛ ጋ እንግዳ ሳይቀምስ ማን ይቀምሳል? ሁላችንም እሱን ጠበቅን። እሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ይህ ሁሉ የተከበረ ሰው ከሹካው ጋር ተፋጦ ሲያየው ቤቱ አንድ የተለየ ደንብ አለው ብሎ እኛን ይጠብቃል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ምግብ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይተያያል። አንዱ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሹካውን አንሥቶ፣ መልሶ ማስቀመጡ አሳፍሮት፣ ሊፈርምበት ወረቀት እንደሚጠብቅ ሰው አየር ላይ እንደያዘው ቀረ። ቅቤው መርጋት ጀመረ።

ለሜሳ አላበው። ሼፉን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ሼፉም ፌስታሉን መፍታት ያዘ። ማስተርጎም የኔ ሥራ ነው፣ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ግን እንግዳን «ለምን አትበላም?» ብሎ መጠየቅ «አስጠላህ ወይ?» ከማለት በምን ይለያል? ይሉኝታ ያዘኝና የፕላስቲኩን አበባ መመርመር ጀመርኩ።

ይህን ጊዜ የማድ ቤቱ መጋረጃ ተገለጠ። አዴ ታደሉ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ። ሽንኩርት ነው ይላሉ፤ እኔ አልመሰለኝም። ሹማምንቱን አልፈው በቀጥታ እኛ ጋ መጡና «ባርሲሳ፣ ማሊፍ ሂን ኛቱ?» አሉኝ። መምህር፣ ለምን አይበላም ማለታቸው ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የፈራውን ጥያቄ እሳቸው ቆመው ጠየቁት።

አማራጭ ስላልነበረኝ ተረጎምኩ፤ በተቻለኝ መጠን ስኳር ጨምሬበት። ዶክተሩ ደነገጠ። ሁለት እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አውጥቶ እንደሚፈተሽ ሰው ዘርግቶ አሳየን። እጄን አልታጠብኩም ነው የሚለው።

አዴ ታደሉ እጆቹን አዩ። መታጠቢያው የነበረበትን ቦታ አዩ፣ አበባውን አዩ፣ መጨረሻ ላይ ለሜሳን አዩት። ገብተው ጆግና ማስታጠቢያ ይዘው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተመለሱ። ጎንበስ ብለው አስታጠቡት። ዶክተሩ እስከ አንጓው ታጠበና ቂጣውን ቆርሶ ጠቅልሎ ጎረሰ። ከዚያማ ሹካው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ነው የሰማሁት። እጅጌ ተሰበሰበ፣ ሰልፍ ተያዘ፣ ሹካ በአየር ላይ የያዘው ኃላፊ ከሁሉ ቀድሞ ተሰለፈ። ሼፉም ራቡ ጸንቶበት ነበርና ታጥቦ በላ።

ዶክተሩ ሳህኑን በመጨረሻዋ ቂጣ ጠረገውና ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። በእንግሊዝኛ የነገረኝን በኛ ቋንቋ ላስቀምጥላችሁ፦ «እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ብዙ ነገር በልቻለሁ፤ እንዲህ የሚጣፍጥ ያገራችሁ ምግብ ግን ቀምሼ አላውቅም። ስሙ ማን ይባላል?»

«ምን አለ? ቲቸር፣ ምን አለ?» ለሜሳ ተንጠራርቶ ይጠይቀኛል። አዴ ታደሉ ጆጉን እንደያዙ ቆመዋል። እኚህ ሴት በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተነሥተው የጠየቁት ለማድ ቤታቸው ነው፤ እኔ አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር አሟልቼ ብተረጉም፣ ሳህኑ ቢጠረግም «ህንዱ አልለየውም» ተብሎ ማድ ቤታቸው ከእጃቸው ሊወጣ ነው።

«እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ የሚጣፍጥ ቀምሼ አላውቅም ብሏል» አልኩ። አልዋሸሁም። ጥቂት ቃል ብቻ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ሼፉ ፌስታሉን ቋጠረ፣ አዴ ታደሉም ማንም ሳያያቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

ለሜሳ ከዚህ ሁሉ ምን ተማረ ካላችሁ፣ መታጠቢያውን የመለሰው እንዳይመስላችሁ። የሚያብረቀርቅ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ገዛ። ወንጪ ላይ ጎብኚ በፈረስ ሲያዞር የነበረ አንድ ረጅም ጎልማሳ ቀጥሮ ጥምጥም አስጠመጠመውና በየጠረጴዛው እየዞረ እንዲያስታጥብ አደረገ። የምግብ ዝርዝሩም ላይ «የህንድ የእጅ አስተጣጠብ ሥርዓት» ተብሎ ተጻፈ። አዴ ታደሉን ግን ከእንግዲህ ወደ አዳራሹ ብቅ እንዳይሉ ነገራቸው፤ ሽርጣቸውን ያየ እንግዳ ህንድነቱን ይጠራጠራል አለ። ይህ ነገር እኔን በጣም አበሸቀኝ። እሳቸው ሽርጣቸውን አጥብቀው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

ዶክተሩ በበኩሉ በየመንገዱ እያስቆመ የምግቡን ስም ይጠይቀኛል። ሲሰለቸኝ አንድ ቅዳሜ ይዤው በጓሮ በር ማድ ቤት ገባን። አዴ ታደሉ በአሮጌው ጆግ እያስታጠቡት ሳለ ያጎደልኩትን ቃል አወጣሁት። «አዴ ታደሉ፣ ያን ዕለት እኮ ሰውየው ምግቡ የህንድ መሆኑን አላወቀም። ያበሻ ምግብ መስሎት ነው የወደደው።»

ውሃው ቆመ። የዶክተሩ እጅ ሳሙና እንደለበሰ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔም ነገሬን በመናገሬ ተጸጸትኩ።

«ታዲያ እኔ ህንድ ነኝ ያልኩት መቼ ነው?» አሉኝ። «እሱ ለሜሳ ነው ያለው።»

«ስሙን ንገሩኝ እያለ ነው።»

«ጎመን በአይብ ነዋ። ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?» አሉና ማስታጠባቸውን ቀጠሉ። ነገርኩት። ዶክተሩ ቃሉን ደጋግሞ ተለማመደው፣ እሳቸውም እስኪያቃናው ድረስ አረሙት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዶክተር ሱሬሽ መጥቶ ከዚያው ጨርቅ ሥር ይቀመጣል። ባለ ጥምጥሙ የነሐስ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይቀርባል። ዶክተሩ ባለው አማርኛ ሁሉ ተጠንቅቆ «ጎመን በአይብ» ይላል።

«ይቅርታ ጌታዬ» ይለዋል ባለ ጥምጥሙ እጅ ነሥቶ፤ «ይህ የህንድ ቤት ነው፤ ጎመን የለንም።»

ዶክተሩ ራሱን ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛል፤ እሺ ይበል እምቢ ይበል አይታወቅም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ያልፋል። አዴ ታደሉ ጆጉን ሞልተው ይጠብቁታል።