ክንዴ ያጠቡት የጥርስ ልክ

በየከተማው ንጽሕና ያሳበደው አንድ ሰው አይጠፋም። የዳንግላው ክቡር አቶ ክንዴ ናቸው፤ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ ድሬሰር፣ የጀርም ደመኛ።

"ጀርም ዘመድ አያውቅም!" ይላሉ። ለቅሶ ቤት ሰው የጨበጡበትን እጅ ደጅ ወጥተው በአልኮል ያጥባሉ። ጠላ ሲቀርብላቸው የዋንጫውን አፍ ይወለውላሉ፤ ባለጠላዋ ስትቆጣ "ላንቺም ብዬ ነው" ይሏታል። የላስቲክ ሚዷቸውን ቀቅለው እንደ በግ ቀንድ አጠማዝዘውት፣ በዚያው ዓመቱን ሙሉ አበጠሩ።

ጎረቤታቸው እናትነሽ በዚህ ሁሉ ትስቃለች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። የፊት ጥርሶቿ ከረገፉ ወዲህ ሳቋ እንደዚያ ነው። አሁን ግን ልጇ ሸጋ በጥር ልትዳር ነው፤ በአማቾቹ ፊት አፏን ከፍታ መሳቅ አማራት።

የጥርስ ሐኪም ከባሕር ዳር መጣ ሲባል ቀድማ ደረሰች። ሐኪሙ ሊጥ መሳይ ነገር አስነክሶ የአፏን ልክ ወሰደ። ልኩን ለአቶ ክንዴ ሰጥቶ፣ "በውሃ አለቅልቀህ መድኃኒቱን ጥቂት ደቂቃ አስነካው፤ ወዲያው ጀሶ አፍስስበት። ከቆየ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል" ብሎ ወደ እንጅባራ ሄደ።

"ጥቂት ደቂቃ!" አሉ አቶ ክንዴ። "በዚህማ ጀርም ይስቅብናል እንጂ ይሞታል?"

በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው ገበያው እስኪበተን ተዉት፤ ጀሶውን ያፈሰሱበት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥርሱ ተሠርቶ ሲመጣ፣ በአንድ ጎን ሲገባ በሌላው ይወጣል።

"አንተ ክንዴ፣ ይህ የእኔ ነው ወይስ የበቅሎዬ?"

"ንጹሕ ግን ነው፣ እትዬ።"

በአማርኛ ሰደበቻቸው፤ አልበቃ ሲላት በአገውኛ ጨመረች።

ሐኪሙም ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ጦፈ። "ሌላ እሠራልዎታለሁ፤ ለሰርጉ ግን አይደርስም። ይህን ሰውዬ ለአለቃው ነግሬ ከሥራው አስነሣዋለሁ።"

እናትነሽ የሐኪሙን እጅጌ ያዘች።

"ኧረ ተው፣ ጌታዬ። ሸጋን ስወልድ ምላጩን የቀቀለ፣ እጁ እስኪላጥ የታጠበ እሱ ነው። ሁለት እኅቶቼ በአራስ ቤት ትኩሳት አልቀዋል። እኔ በድዴ እድራለሁ፤ እሱን ብትነካ ግን ታየኛለህ!"

በሰርጉ ዕለት አቶ ክንዴን ከአማቾቹ መሐል አስቀመጠቻቸው። የበረኪናውን ጉድ ስታወራ ነጠላዋ ከአፏ ላይ ወረደ፤ ሳታውቀው ድዷን ሁሉ አሳይታ ሳቀች።

የሙሽራው አባት እንባው እስኪወርድ ሳቀና እስካሁን ሲስቅ አፉን የሸፈነበትን እጁን አነሣ። ከፊት ጥርሶቹ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።