ዜና ሁለት ጣት፤ ወይዘሮ ገበያነሽ በፋልከንሪጅ ሜዳ ሰንሰለት የያዙበት

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ የዘይት በርሜል ዘጠና ዶላርን ረግጦ ወደ መቶ በሚገሠግሥበት፣ በካልጋሪ ከተማ የቤዝመንት ኪራይ ከልጅ ቁመት ፈጥኖ በሚያድግበት፣ ቡና መሸጫው ሁሉ ቀጂ አጥቶ በጠራራ ፀሐይ በሩን በሚዘጋበት ዘመን፣ በጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ በዓሉም የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ጽንዕተ ልብ፣ በሊኅተ ልሳን፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ወለተ ኪራኮስ፣ እመ ጽጌሬዳ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ነገር ግን ሰው ቆጥረው የማይሳሳቱ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው የሰንሰለት ሹመት ተቀበሉ። ነገሩም እንዲህ ነበር።

በዚያ ዘመን ግሌንሃርት አካዳሚ የሚባል ባለ ክፍያ ትምህርት ቤት በከተማይቱ ልጆች ላይ ነግሦ ነበር። ፉትቦል በሚሉት፣ እንደ ሎሚ ጫፍና ጫፉ የሾለ ኳስ ታቅፎ በሚሮጥበት፣ ሰው በሰው ላይ በሚከመርበት ጨዋታ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላሸነፈውም፤ በየበልጉ... አይደለም፣ በየመኸሩ ጥሎ ማለፉን እንደ ግብር ሰብስቦ ይሄድ ነበር። የገዛ ሜዳው በዘይት ገንዘብ ሰው ሠራሽ ሣር ይነጠፍለት ስለነበር ነው እንጂ፣ ዲርፉት የሚሉትን አውራ ጎዳና ተሻግሮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ድሆች ሰፈር መምጣት ልማዱ አልነበረም። በመጣም ጊዜ የተከተሉት እኒህ ናቸው፦ መቀመጫቸው የሚሞቅ ሁለት አውቶቡስ፣ አምስት አሠልጣኝ፣ ሦስት ወጌሻ፣ ውሃ የሚያቀብሉ አራት፣ መሰላል ላይ ተሰቅሎ ቪዲዮ የሚቀርጽ አንድ፣ በጋዝ የሚሞቅ ነጭ ድንኳን፣ በድንኳኑም ውስጥ እንደ እንግዳ መኰንን በክብር የተቀመጠ፣ በላዩ በሰማያዊ ክሬም ሃምሳ ቁጥር የተጻፈበት ኬክ። በጥሎ ማለፍ ሃምሳ ነጥብ አግብተው አያውቁምና፣ ዋናው አሠልጣኝ በቅዳሜ የሚያገባውን ነጥብ ማክሰኞ ዕለት ለኬክ ቤት አዝዞ ነበር። ጥጋብ ሲጽፉት ይህን ይመስላል።

የሰሜን ምሥራቁም የፋልከንሪጅ ትምህርት ቤት በበኩሉ ሃያ ሦስት ልጆች አሰለፈ፤ ከእነርሱም አንዱ የወይዘሮ ገበያነሽ የልጅ ልጅ፣ የጽጌሬዳ ልጅ ማኑ ነበር። አባቶቻቸው ግን አልነበሩም። የጽጌሬዳ ባል ጥላሁን በሰሜን በፎርት መክመሪ የዘይት ካምፕ ውስጥ ቱቦ ይበይዳል፤ ከጎረቤት ሰፈር የካስልሪጁ ወልዴ እዚያው ከባድ መኪና ይነዳል፤ የቀሩትም ወይ በሰሜን ናቸው፣ ወይ ሺፍት ላይ ናቸው፣ ወይ ከሺፍት ገብተው እንደ ግንድ ተኝተዋል። ዘይቱ አባት የሚባለውን ሁሉ ጠርጎ ወስዶት ነበር። ስለዚህ ሰንሰለት የሚይዝ ሰው ጠፋ።

ሰንሰለቱም ይህ ነው። ኳስ የያዘው ወገን በሦስት ሙከራ አሥር ያርድ መሄድ አለበት፤ ከሄደ ይቀጥላል፣ ካልሄደ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። አሥሩን ያርድ የሚለካው በሁለት ዘንግ መካከል የታሰረ ሰንሰለት ነው፤ የኋላው ዘንግ ከተነሡበት፣ የፊተኛው ሊደርሱበት ከሚገባው ቦታ ትይዩ፣ ከመስመሩ ውጭ ይቆማል። ዘንጎቹን የሚይዙት ደመወዝ የሌላቸው ወላጆች ናቸው። የኋላውን ዘንግ አቶ መኳንንት አስቀድመው ይዘውት ነበር፤ እኒህም በኮራል ስፕሪንግስ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ፣ በዳውንታውን ሰላሳኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የዘይት ጉድጓድ ካርታ የሚሥሉ፣ ከአበሾች ሁሉ ልጃቸውን በግሌንሃርት ያስተማሩ ብቸኛው ሰው ናቸው። ዳኛውም የፊተኛውን ዘንግ የሚይዝ በአምስት ደቂቃ ካልተገኘ እርሱንም የአካዳሚው ወላጅ ይይዘዋል ብሎ አወጀ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ገበያነሽ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላቸውን በወፍራም ጃኬት ላይ እንዳጣፉ፣ ከልጃቸው መኪና ወርደው አዋጁን አስተርጉመው ሰሙ። ሁለቱንም ጫፍ አንድ ወገን ይይዘዋል የሚለው ቃል ጆሯቸው ሲገባ ፊታቸው ተለወጠ፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሄደው ዘንጉን ጨበጡ። ጽጌሬዳም ከኋላ እየተከተለች እንዲህ የሚል ማስጠንቀቂያ አስነገረች፦ «እማዬ፣ ዝም ብለሽ ሆልድ ማድረግ ነው፤ ልጆቹ ወዳንቺ ሲመጡ ግን ስቲኩን ጣል አድርገሽ ወደ ኋላ በይ፣ ሴፍቲ ነው።» እሳቸውም በተራቸው አወጁ፦ «እኔ የተከልሁትን ምልክት ሳይደረግለት አላነሣም። የሚመጣው ይምጣ፣ ዓይን አለው።»

ይህን ያሉት በእብሪት አይደለም። ከስድሳ ዓመት በፊት በጨርጨር አገር፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የአባታቸው የኪራኮስ መሬት በቀላድ ሲለካ አጠገብ ቆመው ነበር። የገመዱን ጭራ የያዘው የምስለኔው ሰው፣ ጸሐፊው ወደ መዝገቡ ባጎነበሰ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር፤ ገመዱ በተጣለ ቁጥር መሬቱ አጠረ፤ ማታ ላይ ልኩ ሞላ ሲባል ምንጩ ከወሰኑ ውጭ፣ በምስለኔው በኩል ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ይህን አይታ ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቷ በመዳፋቸው ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ የገዛ ምንጫቸውን ውሃ በልመና ቀዱ። ወይዘሮ ገበያነሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ አገር ለውጠው፣ ልጅ ድረው፣ ባል ቀብረው ነበር፤ ያን መዳፍ ግን ከአፋቸው ላይ አላነሡትም ነበር።

ጨዋታውም ተጀመረ፤ ጨዋታ ከተባለ። አካዳሚው በመጀመሪያው ሩብ አሥራ አራት፣ በዕረፍት ሰላሳ አንድ፣ በሦስተኛው ሩብ መጨረሻ አርባ ስምንት ነጥብ አገባ፤ ሰሜን ምሥራቆቹ ዜሮ። ወይዘሮ ገበያነሽ ነጥቡን አላዩም፣ አልጠየቁምም። ነፋሱ ከተራራው በኩል እየመጣ ነጠላቸውን እንደ ባንዲራ ሲያማታ፣ እሳቸው ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው የዘንጉን እግር ብቻ ይጠብቁ ነበር። ሦስት ጊዜ ፍሪጅ የሚያህሉ ወጠምሾች እየተገፈታተሩ ወደ እሳቸው መጡ፤ ሰንሰለት ያዦች ሁሉ ጥለው በሚሸሹበት ቦታ እሳቸው አልሸሹም፤ ሦስቱም ጊዜ ወጠምሾቹ ራሳቸው ተጣጥፈው አጠገባቸው ወደቁ፤ አንዱም ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ።

በአራተኛው ሩብ ግን ሰሜን ምሥራቆቹ በምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ምናልባት በብርዱ፣ መግፋት ጀመሩ። ሰዓቱ እያለቀ ሄደ፤ ነጥቡም አርባ ስምንት ላይ ደርቆ ቀረ። ዋናው አሠልጣኝም ፊቱ ቀልቶ ሃምሳ ሳይሞላ ወደ አውቶቡስ የሚገባ የለም፣ ተቀያሪዎቹም የሚገቡት ሃምሳ ሲሞላ ነው ብሎ አወጀ። ይህ አዋጅ ከሁሉ ይልቅ አቶ መኳንንትን ወጋቸው። ልጃቸው ውዳሴ ሄልሜቱን ከመጀመሪያው ሩብ ጀምሮ እንዳጠለቀ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉም እንደዚያው ነበር፤ ልብሱ ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ሲቀር፣ በሜዳው እኩሌታ፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ የአካዳሚው ሯጭ ኳሱን ታቅፎ በመስመሩ ጥግ መጣና ከወይዘሮ ገበያነሽ ዘንግ አጠገብ ተገፍቶ ወደቀ። ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ በዓይን አልለይ አለ። ዳኛውም ሰንሰለቱ ይወጠርና ይለካ ብሎ አዘዘ።

ያን ጊዜ አቶ መኳንንት አንድ ጊዜ ወደ አግዳሚው ወንበር አዩ፤ ዳኛው ወደ ኳሱ ባጎነበሰ ጊዜም ዘንጋቸውን ከቀዳዳው ነቅለው አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ ተከሉት። በአሥር ያርድ ማዶ ሰንሰለቱ የወይዘሮ ገበያነሽን እጅ ጎተተ። ማንም አላየም፤ መሰላል ላይ ያለው ቪዲዮ ቀራጭ እንኳ ጣቶቹን እያሞቀ ነበር። እሳቸው ግን ያን ጉተታ ያውቁታል። በዚያችም ሰዓት አፋቸውን የሚይዝ መዳፍ አልነበረም።

ወይዘሮ ገበያነሽ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አጽንተው፣ በሜዳው ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ሊሰማው የሚገባው አንድ ሰው ብቻ በሆነ ቋንቋ፣ እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«መኳንንት፣ የያዝኸውን ዘንግ ወደ ነበረበት መልስ። ቀዳዳው ባዶውን ቀርቶ ያየሃል፣ እኔም አይሃለሁ። ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ ጠዋት ጸበል ስትጠጣ ከኋላህ ነበርሁ። በአንድ መዳፍ መሬት ልጅህን ሰው አታደርገውም። መልስ ብያለሁ።»

ዳኛው ስለ ብርዱ የሚያማርሩ መስሎት ራሱን በአዘኔታ ነቀነቀ። አቶ መኳንንት ግን ጆሯቸው ሥር ድረስ ደም ሞላባቸው፤ እንዲህም ሲሉ መልስ ላኩ፦ «እትዬ ገበያነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስሊፕ አድርጎኝ ነው፣ ግራውንዱ በረዶ ነው።» ብለውም ዘንጉን ወደ ቀዳዳው መለሱት። በረዶው ወደ ኋላ ብቻ የሚያንሸራትት መሆኑን የጠየቀ አልነበረም።

ሰንሰለቱም ተወጠረ። ዳኛው ተንበረከከ፤ ጣቶቹን በኳሱ አፍንጫና በወይዘሮ ገበያነሽ ዘንግ መካከል አስገባ፤ ሁለት ጣት ገባ። ተነሥቶም ክንዱን ወደ ሌላው አቅጣጫ ዘረጋ፤ ኳሱ የሰሜን ምሥራቆቹ ሆነ። የፋልከንሪጅና የካስልሪጅ እናቶች ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አርባ ስምንት ለዜሮ የሚመሩት እነርሱ ይመስሉ ነበር።

ዋናው አሠልጣኝ ኮፍያውን መሬት ላይ መታና፣ ከእንግዲህ ማንም ቢገባ ግድ የለኝም ብሎ ዋናዎቹን ሁሉ አስወጣ። እንዲህም ሆኖ ውዳሴ ወልደ መኳንንት ያለ ሃምሳ፣ ያለ መዳፍ፣ በንጹሕ ልብሱ ወደ ሜዳ ገባ። አቶ መኳንንትም ዘንጉን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡት። ሰሜን ምሥራቆቹ ሰዓቱ እንዲያልቅ ኳሱን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ተንበረከኩ፤ ፊሽካው ተነፋ፤ የግሌንሃርትም መንግሥት አሸንፎ አዝኖ ወደ ሙቁ አውቶቡስ ገባ።

ኬኩን ግን ማንም ሊነካው አልወደደም። አቶ መኳንንት በሁለት እጃቸው ተሸክመው አመጡትና አጎንብሰው በወይዘሮ ገበያነሽ ፊት አቆሙት። እሳቸውም ለአፍታ አይተውት የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ፦ «ዜሮውን የኛ ልጆች ደክመውበታልና ይብሉት። አምስቱን ቆርጠህ ለልጅህ ውሰድለት፤ ብርድ ላይ ሲቀመጥ ነው የዋለው።» ሃያ ሦስቱም ልጆች ዜሮውን በሉ፤ ማኑም ክሬሙን ከጣቱ ላይ ላሰ።

ጽጌሬዳ መኪናውን እስክታሞቅ ድረስ ወይዘሮ ገበያነሽ ተመልሰው ሄዱና ዘንጋቸው በመጨረሻ ከቆመበት ቀዳዳ ላይ ከአጥሩ ሥር ያነሡትን ድንጋይ ቀበሩ፤ በእግራቸውም ረግጠው አጸኑት። በሚያዝያ ወር የሣር ማጨጃው መኪና ጥርሱን ሰበረበት፤ አጫጁም ተሳድቦ ዞሮት ሄደ፤ ድንጋዩም እዚያው አለ።

እነሆ እኒህ ናቸው ወይዘሮ ገበያነሽ ወለተ ኪራኮስ፦ ነፋስ ያልገፋቸው፣ ፍሪጅ የሚያህል ወጠምሻ ያላስበረገጋቸው፣ ሳይጽፉ የዘገቡ፣ ሳይሾሙ የፈረዱ፣ የሃምሳን ኬክ ለሁለት የከፈሉ፣ በአርባ ስምንት ለዜሮ ድል የነሡ፣ ለአባታቸው መሬት በበረዶ ላይ ቆመው የመሰከሩ፣ ከተወሰደው ሁሉ ሁለት ጣት ያስመለሱ።