ወንዝ ተሻግሮ የመጣው የሐጂ ኢድሪስ ግመል

ዘይት ያልነካው የጾም ወጥ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በልቻለሁ። እሱስ ምንም አይደል፤ ሰው የባሰም ይበላል። ግን ጎጆአችሁ በሰሊጥ ተሞልቶ፣ ደጃችሁ ላይ የዘይት መጭመቂያ ተተክሎ፣ ወጣችሁ በውሃ ብቻ ሲንተከተክ ስታዩት ንዴቱ ሌላ ነው። ጣሊያን መተማን ለቆ በወጣ ሰሞን የደረሰብን ይኸው ነበር። ሁዳዴ ሊገባ ነው። አገሩ ሁሉ ሰሊጥ ነው። ዘይት ግን የለም።

ለምን ብትሉኝ፣ ግመል የለማ!

መጭመቂያውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ወፍራም ግንድ ይቦረቦርና መሬት ውስጥ ይተከላል። ሰሊጡ እዚያ ውስጥ ይገባል። በላዩ እንደ ዘነዘና ያለ ትልቅ እንጨት ይቆምበታል። ያ እንጨት በረጅም አግዳሚ ግመል ላይ ይታሰርና ግመሉ ሲዞር ይውላል፤ ሰሊጡ እየተፈጨ ዘይቱ ይወጣል። ግመሉ ዓይኑ ይሸፈናል። ቀኑን ሙሉ ሄዶ ሄዶ የትም አለመድረሱን እንዳያይ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ያላቸው ሰዎችም አውቃለሁ፤ ግን ተዉት።

መጭመቂያውን የተከለው ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ግንዱ የእኛ፤ ግመሉ ግን ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ ገላባት የሚኖሩት የሐጂ ኢድሪስ። ሐጂ ጠዋት ግመሉን እየሳቡ ይመጣሉ፤ ማታ እየሳቡ ሱዳን ይገባሉ። ዘይቱን እኩል እንካፈላለን፤ ፋጉሎው የግመሉ ነው። ፋጉሎ ማለት ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የሰሊጥ አተላ ነው፤ ለግመል ከዚያ በላይ ድግስ የለም። የሐጂ ግመል ሳቢር ይባላል። ታጋሽ ማለት ነው ይላሉ ሐጂ። ታጋሽነቱን እንጃለት፤ እኔን ሁለት ጊዜ ነክሶኝ ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ሰብስቦም ነገረን፦ ከእንግዲህ ከአስመራ እስከ ሞቃዲሾ አንድ ገበያ ሆናችኋል አለ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር መሰለኝ። ሞቃዲሾን ያየ ሰው መተማ ውስጥ አልነበረም። የገላባት አውራ ዶሮ ሲጮህ ግን ከእንቅልፋችን የምንነቃው እኛ ነን። ጣሊያን ሰሊጣችንን በካሚዮን እየጫነ ወሰደና በምትኩ ዘይት በቆርቆሮ አመጣልን። አስቡት እንግዲህ፣ መተማ የቆርቆሮ ዘይት ስትበላ! ሐጂንም ድንበሩ ላይ አቁመው ለግመሉ የይለፍ ወረቀት ጠየቁዋቸው። ሳቢር ወረቀት ቢያገኝ እንደሚበላው ማን በነገራቸው።

በኋላ ጣሊያንና እንግሊዝ ሲዋጉ ድንበሩ ጭራሽ ተዘጋ። ካሚዮኑም ቀረ፣ ቆርቆሮውም ቀረ። መድፉ ሲበረታብን ወደ ሽንፋ ሸሸን። ጣሊያን ወጥቶ ስንመለስ ጎጆው ሁሉ ዐመድ ሆኗል፤ በጉድጓድ የቀበርነው ሰሊጥ ግን ተርፎ ነበርና እንደ ነገሩ በቀለስናት ጎጆ ሞላነው። የእኔም ግንድ እንደተተከለ ጠበቀኝ። አቅፌው አለቀስኩ። ግንድ አቅፋ የምታለቅስ ሴት አይታችሁ ባታውቁ አይፈረድባችሁም።

ለእኔ ነገሩ የወጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ፤ ያለኝ ይህ ግንድ ነው። በሁዳዴ ዘይት ካልጨመቅሁ፣ ጎንደር ወጥቼ ዘመድ ቤት ተጠግቼ የሰው ማጀት ማየት ነው ዕጣዬ። ፈራሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ስለዚህ ግራዝማች አየልኝ ዘንድ ሄድኩ። ግራዝማች የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። አምስቱን ዓመት ጫካ ለጫካ ሲዋጉ ኖረው፣ ጎፈሬአቸውን ገና ሳይላጩ ነው የተመለሱት። ሮቃው ዛፍ ሥር ከሰዉ ጋር ተቀምጠዋል። ሰው ገላባት ይላክና ሐጂ ግመሉን ያምጡልን አልኳቸው።

"አንች ልጅ፣" አሉኝ፣ "ከአንዱ ነጭ እጅ ወጥተን ከሌላው ነጭ ደጅ ልንቆም ነው? ገላባት ያለው እንግሊዝ ነው። ነፃ አገር ማለት ከጎረቤቱ ምንም የማይፈልግ አገር ነው!"

ሰዉ አጨበጨበ። ንግግሩ ስለጣፈጠኝ እኔም ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። ግን ወጥ በጭብጨባ አይወዛም።

"መጭመቂያውንስ ማን ያዙረው?" አልኩ።

"እኛው!" አሉ።

በሬ እንዳይባል፣ በሬውን ጣሊያን በልቶታል። አህያውንም ጦሩ ጭኖ ወስዶታል። ስለዚህ በማግስቱ ጎረምሶቹ እየዘፈኑ አግዳሚውን ያዙ። መጀመሪያ ዘፈኑ ቆመ። ቀጥሎ ጎረምሶቹ ቆሙ። ሰው ክብ ሲዞር ራሱን ያዞረዋል፤ ግመል ምን ያዞረዋል፣ ዓይኑ ተሸፍኗል። ይህን ያስተዋለ አንዱ ብልህ እኛም እንሸፈን አለ። በነጠላ ተሸፋፈኑና ገቡ። የሆነውን እንኳ ባልነግራችሁ ይሻላል። አንዱ ግንዱን በግንባሩ አገኘው፣ ሌላው እየዞርኩ ነው ብሎ ቀጥ ብሎ ሄዶ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባ።

ግራዝማች ተናደዱ። "ዞር በሉ ወዲያ!" ብለው ጋቢያቸውን ጣሉና አግዳሚውን ራሳቸው ያዙ። ጥቂት እንደዞሩ ቆሙ። ተወዛወዙ። ከዚያ ቁጭ አሉና በሁለት እጃቸው መሬቱን ጨብጠው፣ "ምድሪቱን ያዙልኝ!" አሉ። አምስት ዓመት መድፍ ያልጣላቸውን ሰው አንድ ግንድ ጣላቸው። መሳቅ አልተቻለ፣ አለመሳቅ አልተቻለ። የዚያን ሁሉ ሰው ድካም ብጨምቀው አንድ ስኒ ዘይት ወጣኝ። ፋጉሎውን የሚበላ ስለሌለ እዚያው ግንዱ ሥር ደፋሁት። ያን ቀን ጎንደር የምሄድበትን ጓዝ መቋጠር ጀመርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሮቃው ሥር እንደገና ስብሰባ ሆነ። ግራዝማች ስለ ነፃነት እየተናገሩ ነው፤ ራሳቸውን ትንሽ ስለሚያዞራቸው ዛሬ ተቀምጠው ነው የሚናገሩት። ድንገት በወንዙ በኩል አቧራ ተነሣ። ዞር ስንል ግመል ነው። ገመዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ ማንንም ሳያይ፣ በስብሰባው መሐል አልፎ ወደ ደጄ ቀና። ግንዱ ሥር የደፋሁትን ፋጉሎ አንድም ሳያስቀር ላሰው። ከዚያ አግዳሚው አጠገብ፣ ዱሮ በሚቆምባት ቦታ ቆመና አንገቱን ዝቅ አደረገ። ዓይኔን ሸፍኑልኝ ማለቱ ነው። ሳቢር!

ከኋላው ሐጂ ኢድሪስ ጀለብያቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸው ጫማ ሌላው ባዶ ሆኖ፣ እያለከለኩ ደረሱ።

"ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወላሂ አመለጠኝ! ከትናንት ጀምሮ የሰሊጥ ሽታ ሸቶት እንቅልፍ ነሣኝ።"

አረፍ ካሉ በኋላ ጉዳቸውን አወሩን። ድንበሩ ሲዘጋ ሥራ እንዳይፈታ ብለው ሳቢርን ጭነት አስለመዱት፤ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ገዳሪፍ ጉዞ ጀመሩ። ሳቢር ግን ዕድሜውን ሁሉ የሚያውቀው መዞር ነው። ዛፍ ባየ ቁጥር ይዞረዋል። እስከ ገዳሪፍ ስንት ዛፍ እንዳለ ታውቃላችሁ ወይ አሉን። ነጋዴው ትቷቸው ሄደ። ገላባት ሲመለሱ ሕፃናት ሳይቀሩ ሳቁባቸው። ገላባትም ቢሆን ዘይት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ግመል አለ፣ ግንድ የለም።

"ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳይመጡ?" አልኳቸው።

ሐጂ አቀረቀሩ። "የእኛ ሰዎች እንቢ አሉ፣ እህቴ። ሐበሻ ደጅ ሄደን አንለምንም፤ ከፈለጉ እነሱ ይምጡ አሉ።"

ግራዝማች ቀና አሉ። "እናንተም?"

"እኛም።"

ግራዝማች ሳቅ ጀመራቸው። ያ ጎፈሬያቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው የአንገታቸውን ፎጣ ፈቱና በገዛ እጃቸው የሳቢርን ዓይን ሸፈኑለት። "በል ሂድ!" አሉት። ሄደ። እኔም ጎጆ ገብቼ የቋጠርኩትን ጓዝ ፈታሁ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠ የእንጨት ሲጥሲጥታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ሐጂን ያየ የገላባት ሰው ጨው ይዞ መጣ፣ ጨው የያዘውን ያየ ጨርቅና ስኳር ይዞ መጣ። የእኛም ሰው ሰሊጡን፣ ማሩን፣ ቡናውን እየያዘ ወጣ። ሽንፋ የቀሩት ገበያው ቆመ ሲባል ተመለሱ። በየዐመዱ ላይ አዲስ ጎጆ በቀለ። ሁዳዴም ገባ፤ የሽሮዬ ፊት እንደ መስታወት አበራ።

አንድ ቀን ግራዝማችና ሐጂ እኔ ቤት ከዚያ ሽሮ ሲበሉ አንዱ ነገረኛ፣ ነፃ አገር ከጎረቤቱ ምንም አይፈልግም ብለው አልነበር ወይ ብሎ ግራዝማችን ጠየቃቸው።

ግራዝማች ከንፈራቸው ላይ ያለውን ዘይት ጠረጉ። "አሁንም ነፃ ነን። ነፃ አገር ማለት ከማን ጋር እንደሚገበያይ ራሱ የሚመርጥ አገር ነው። ይኸው፣ መረጥን!"

ሰዉ አጨበጨበ። የእኛ ሰፈር ጭብጨባ ይወዳል።

ሐጂ የያዙትን ጉርሻ ዋጡና ቀስ ብለው፣ "ግራዝማች፣" አሉ፣ "እኔና እርስዎማ ተኮራርፈን ተቀምጠን ነበር። የመረጠው ሳቢር ነው።"

ግራዝማች ጥቂት አሰቡ። እውነት ነው፣ እንግዲያው ለእሱም አጨብጭቡለት አሉ። ለሳቢርም ተጨበጨበ። እኔማ ደስታው ከልክ አለፈብኝና ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ የነከሰኝ ያኔ ነው።