ካርቶኑ ሳይከፈት

በዓለም ላይ ታላላቅ ማኅበራት ሞልተዋል፤ የታሸገ አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ማኅበርን የሚያህል ግን አልተፈጠረም። አባላቱ የተማሩ፣ የተከበሩ፣ ፀጉራቸው ከግንባር መሸሽ የጀመረ ሰዎች ናቸው። ደንባቸው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ አሻንጉሊት ከካርቶኑ አይወጣም። ከወጣ ባለቤቱም ከማኅበሩ ወጣ።

የእማማ ልጅ፣ አርባ ዓመት የደፈነው፣ ለዚህ ማኅበር ሊቀመንበርነት ሊወዳደር ሁለት ቀን ሲቀረው መዓት ወረደ። የሚሾመው ምርጥ አሻንጉሊት ያለው ነው። የሱ የፕላስቲክ ጠፈርተኛ፣ ያ ጨረቃን የረገጠ ጀግና፣ በሳሎን መስኮት የገባች ፀሐይ ወገቡን አጎበጠችው። የተፎካካሪው፣ የአንድ ጥርስ ሐኪም፣ አሻንጉሊት ወታደር ደግሞ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"እማዬ፣ አለቀልኝ" አለ ካርቶኑን አቅፎ።

እማማ ከሚልጡት ድንች ቀና አሉ። "ምኑ ነው ያለቀው? ፕላስቲክ አይደል? ስንቱን የጎበጠ ጭልፋ አቃንቻለሁ። አውጣውና ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ለስለስ ሲል አቃናው፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው። በቃ።"

"ላውጣው?"

"ሰው ግደል ያልኩህ ይመስል ምን ታፈጥብኛለህ?"

"እማዬ፣ ካርቶኑ ከተከፈተ እኮ አሻንጉሊት ሆነ ማለት ነው።"

"አሁንስ ምንድነው?"

"ቅርስ።"

እማማ "ይቅር በለን" ብለው ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ልጅ ሁለት ደጋፊዎቹን ለአስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አንደኛው ተነስቶ "ሳይቃጠል በቅጠል" አለ። ሁለተኛው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለ። ከሦስት ሰዓት ጥልቅ ውይይት በኋላም፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ከውጭ ወደ ውስጥ ተገቢው ሙቀት እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የእማማ ፀጉር ማድረቂያ ተወረሰ። ተዘቅዝቆ ቢሞቅ ወገቡ በራሱ ክብደት ይቃናል ተብሎ፣ አንዱ ካርቶኑን ዘቅዝቆ ያዘ፣ አንዱ አሞቀ፣ አንዱ ቃለ ጉባኤ ጻፈ።

የካርቶኑ መስኮት ላስቲክ ተጨማተረ እንጂ አልተቀደደም። ወገቡም እንደ ጎበጠ ቀረ። ካርቶኑን ቀና ሲያደርጉት ግን የጋለው ጉልበቱ ከዳው፤ ጠፈርተኛው ቀስ ብሎ ተንበረከከ፣ ግንባሩንም ወለሉ ላይ ደፋ።

"እሱስ ልቡ ተነካ" አሉ እማማ ከበር ላይ ሆነው። "አንተን ግን ስገድ ብዬ ስንት ዓመት ለምኜህ።"

የምርጫው ቀን አባላቱ አሻንጉሊታቸውን ይዘው እማማ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ የማኅበሩ ገምጋሚ ሽማግሌም መሃል ተቀመጡ። የሐኪሙን ወታደር አዩና አለፉት። ጠፈርተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ጠረጉ። ልጅ ላብ አጠመቀው።

"ተከፍቷል?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሚሰግድ ጠፈርተኛ አይቼ አላውቅም።"

"እኔም ከትናንት በፊት አላየሁም" አለ ልጅ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሮ አያውቅም።

"በዓለም አንድ ነው ማለት ነዋ" አሉ ሽማግሌው። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ቀጥ ብሎ መቆም ማንም የሚችለው ተራ ነገር መሆኑ ተገልጾ፣ ልጅ ተሾመ።

አዲሱ ሊቀመንበር ውሎ ሳያድር የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ፦ ብርቅነት ለአባላት ሁሉ በእኩል እንዲዳረስ፣ የቆመ አሻንጉሊት ያለው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ አሙቆ እንዲያንበረክክ። የከተማው ሴት ሁሉ ፀጉሯን በፀሐይ ታደርቅ ጀመር።

በወሩ መጨረሻ የጥርስ ሐኪሙ እማማን ወጥ ቤት ድረስ መጣባቸው። ወታደሩን ቢያሞቀው ቢያሞቀው ጉልበቱ እንቢ ብሎታል።

"እማማ፣ እርስዎ ፕላስቲክ ያውቃሉ አሉኝ። ከማኅበሩ ሊያስወጡኝ ነው። እባክዎ ይሄን ወታደር ትንሽ ያጉብጡልኝ።"

እማማ እጃቸውን በጨርቅ አደራረቁና ወታደሩን በካርቶኑ መስኮት አዩት። ደረቱን ነፍቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው የጎበጠውን ማቃናት ነው" አሉት። "የቀናውን ለማጉበጥ ሊቀመንበሩ ሳሎን አለልህ።"